ያውቁ ኖሯል? አውሮፕላን በማሕፀን፣ በድርና ማግ፣ በውሻ ጆሮ ይሠራል!

የአውሮፕላን ክንፍ፣ የጀልባ ቀፎና የእሽቅድምድም መኪና የሚሠሩ ሰዎች ሲያወሩ ሰምተው ያውቃሉ? ካልሰሙ ይዘጋጁ! ፋይበርና ፕላስቲክ እያጋቡ የሚውሉት እነዚህ ባለሙያዎች ቋንቋቸውን የተበደሩት ከሸማኔ፣ ከማድ ቤትና ከአራስ ቤት ነው! (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ፋይበሩን አቅፎ የሚይዘው ፕላስቲክ ‹ማትሪክስ› ይባላል። ቃሉ ላቲን ነው። ትርጉሙ? ማሕፀን! ሥሩ ደግሞ ‹ማቴር›፣ እናት! የአውሮፕላኑ ክንፍ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ክር ማሕፀን ውስጥ ተኝቷል ማለት ነው!

ይህ ብቻ መሰለዎት? ሬዚን የሚሉትን ሙጫ ጠጥቶ ከፋብሪካ የሚመጣው ጨርቅ ‹ፕሪፕረግ› ይባላል። በእንግሊዝኛ በፈሳሽ ማራስና ማስረገዝ አንድ ቃል ናቸው። ስለዚህ የጨርቁን ስም ‹አስቀድሞ ያረገዘ› ብለው ቢፈቱት አልተሳሳቱም!

ያረገዘው ጨርቅ የሚያድረው የት ነው? ፍሪዘር ውስጥ! ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ! ከዚያ ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ ሰዓት ይቆጠርበታል፤ ይህም ‹የውጭ ዕድሜ› ይባላል። ዕድሜው ካለፈ ያ ሁሉ ውድ ጨርቅ ለክንፍ አይሆንም!

ቅርጽ ማውጫዎቹም ጾታ አላቸው! ወደ ውስጥ የጎደጎደው ሴቴ፣ ወደ ውጭ ያበጠው ወንዴ ነው። ለጀልባ ሴቴ ይመረጣል፤ ምክንያቱም ቅርጽ ማውጫውን የነካው ገጽ ያብረቀርቃል፣ ጀልባም ማብረቅረቅ ያለበት በውጩ ነው!

ጀልባ ከመወለዱ በፊት አንድ ጊዜ ተወልዶ ይሞታል! መጀመሪያ ጀልባውን የሚመስል ሐሰተኛ ጀልባ ይሠራል። ከእሱ ላይ ቅርጽ ማውጫው ይገለበጣል። ከቅርጽ ማውጫው ደግሞ እውነተኛው ጀልባ ይወጣል። ሐሰተኛው ጀልባ ማን ይባላል? ‹ውታፍ›!

ቤት ሲሠራ ቀለም የሚቀባው መጨረሻ ላይ ነው። የፋይበር ግላስ ጀልባ ግን ቀለሙ መጀመሪያ ነው! ‹ጄልኮት› የሚባለው ባለ ቀለም ሽፋን ባዶው ቅርጽ ማውጫ ላይ ይረጫል። ከዚያ በኋላ ነው ጀልባው ከቀለሙ ጀርባ የሚሠራው! ከውጭ ወደ ውስጥ!

እንጀራ ከመጋገርዎ በፊት ምጣዱን በጎመን ዘር ያስሱ የለ? እነሱም ያስሳሉ! ሙጫው ከቅርጽ ማውጫው ጋር እንዳይጣበቅ በሰም ደጋግመው ይወለውሉታል። ማሰሳቸውን ከረሱ እንጀራው ከነምጣዱ ይቀራል!

ያ ሰም ብዙ ጊዜ ‹ካርናውባ› ነው፤ ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኝ! ይኸው ሰም መኪና ያስውባል። ይኸው ሰም ልጆችዎ የሚበሉትን ከረሜላ ያብለጨልጫል!

ከሰው ጀልባ ላይ ቅርጽ ገልብጦ መስረቅም የራሱ ስም አለው፤ ‹መርጨት›! የፍሎሪዳ ግዛት ይህን በሕግ ከለከለ። በ1989 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው! በ1998 የአሜሪካ ምክር ቤት የጀልባ ቀፎ ንድፍን የሚጠብቅ አገር አቀፍ ሕግ አወጣ!

አንድ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ካርቦን ጨርቅ የሚሸመንበት ፋብሪካ ቢገባ ግራ አይገባውም! ድሩም ማጉም እዚያ አለ። ‹ሳቲን› የሚሉት አሠራርም አለ፤ አንዱ ዓይነት ማጉን በ7 ድር ላይ አሳልፎ በ1 ድር ሥር ያስገባዋል። እንዲህ የተሸመነ ጨርቅ በጎባጣ ነገር ላይ እንደ ነጠላ ይተኛል!

‹ድር ቢያብር አንበሳ ያስር› የሚለው ተረት እዚህ ቃል በቃል ይሠራል! የካርቦን ክር ጥቅል በሺህ ይቆጠራል። ‹3ኬ› ከተባለ 3,000፣ ‹12ኬ› ከተባለ 12,000 ቀጫጭን ክሮች አብረዋል ማለት ነው! እስከ 50,000 የሚደርስም አለ!

አንዷ የካርቦን ክር ምን ያህል ትቀጥናለች? ከ5 እስከ 7 ማይክሮሜትር! የራስ ፀጉርዎ ከእሷ አጠገብ ገመድ ነው፤ አሥር እጥፍ ሊወፍር ይችላል!

የክር ውፍረት ብዙ ጊዜ በሜትር አይለካም፣ ይመዘናል! 1,000 ሜትር ክር ስንት ግራም ይመዝናል? መልሱ ‹ቴክስ› ነው። 9,000 ሜትሩስ? እሱ ‹ዴኒየር› ነው። ዴኒየር የጥንት ፈረንሳይ ሳንቲም ነበር፤ ስሙም በወንጌል ከሚያነቡት የሮማ ዲናር የወረደ ነው!

የፋይበር ግላስ ፋብሪካ ገብተው ‹ኬኩን አምጣ› ሲባል ቢሰሙ እንዳይጎመጁ! ከቀለጠ ብርጭቆ ተስቦ የተጠቀለለው ክር ነው ‹ኬክ›። ሌላም ጥቅል አለ፤ ስሙ ‹አይብ›!

ያ የብርጭቆ ክር የሚወጣበት ወንፊት ከምን ይሠራል? ከፕላቲኒየምና ከሮዲየም! በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉት። ርካሹን ክር የሚወልደው ከወርቅ ጋር የሚመደብ ማዕድን ነው! ክሩም በደቂቃ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ይሳባል!

ዘመናዊው የብርጭቆ ክር የተገኘው በስሕተት ነው! በ1932 አሜሪካ ውስጥ ዴል ክላይስት የተባለ ወጣት መሐንዲስ የብርጭቆ ጡቦችን ለማጣበቅ ይታገል ነበር። የታመቀ አየር የቀለጠውን ብርጭቆ መታው። ጡቡ አልተጣበቀም። ብርጭቆው ግን ጥጥ ሆነ!

የብርጭቆ ክሮች በፊደል ይጠራሉ። ‹ኢ› የኤሌክትሪክ ናት፤ የተፈጠረችው ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ ነበር! ዛሬ ከኤሌክትሪክ ጋር የማይገናኝ የገንዳና የጀልባ ሆድ ሁሉ በእሷ ተሞልቷል። ስሟ ግን እንደዚያው ቀረ! ‹ኤስ› የጥንካሬ፣ ‹ሲ› የኬሚካል መከላከያ ናት።

‹አራሚድ› የሚባል ክር አለ፤ ጥይት መከላከያው ኬቭላር ከዚሁ ወገን ነው። ስሙ ከ‹አሮማቲክ› የመጣ ነው፤ መልካም መዓዛ ያለው ለማለት! ክሩን ቢያሸቱት ግን ምንም አይሸትም! ኬሚስቶች ቃሉን ለሞለኪዩል ቀለበት ወስደውት ቀርተዋል።

ኬቭላርን ያስገኘችው ስቴፋኒ ክዎሌክ በ1965 ያገኘችው ፈሳሽ ደፍራሳና ቀጭን ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይደፋው ነበር! መፍተያው ይደፈናል ተብሎም ተፈራ። እሷ ግን ይፈተልልኝ አለች። ወጣ፤ በክብደቱ ልክ ሲመዘን ብረትን የሚያስንቅ ክር!

የካርቦን ክር የአውሮፕላን ልጅ አይደለም፣ የአምፖል ልጅ ነው! ኤዲሰን በ1879 ያበራው አምፖል ውስጥ የነበረው የከሰለ የጥጥ ፈትል ነበር። ቀጥሎ ቀርከሃ አከሰለ!

የዛሬው የካርቦን ክር እናትስ? የሹራብዎ ዘመድ! አክሪሊክ ሹራብ ከሚሠራበት ፕላስቲክ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። በ1961 ጃፓናዊው አኪዮ ሺንዶ ከዚያ ዓይነት ክር ካርቦን አወጣ። መጀመሪያ አየር ባለበት ከ200 እስከ 300 ዲግሪ፣ ከዚያ ኦክስጅን በሌለበት ከ1,000 ዲግሪ በላይ ይከሰላል። ክሩ ይጠቁራል፣ ግን አይነድም!

በእንግሊዝኛ ‹ልክ ማውጣት› የሚመስል ስም ያለው ነገር አለ፤ ‹ሳይዚንግ›። ከልክ ጋር ምንም አያገናኘውም! ክሩ እንዳይላላጥና ሙጫውን እንዲወድ የሚቀባው ስስ ሽፋን ነው። ቃሉ የሸማኔ ነው፤ ፈትል በስታርች ከሚጠነክርበት ዘመን የመጣ!

ሙሽራዋም አልቀረችም! ከላይ የሚለበጠው በጣም ስስ ጨርቅ ስሙ ‹ዓይነ ርግብ› ነው። ሥራውም የሙሽራ ነው፤ ከሥር ያለውን ሻካራ ፊት ይሸፍናል!

የሚደማ ጨርቅና የሚተነፍስ ጨርቅ አይተው ያውቃሉ? ሁለቱም አሉ! ትርፍ ሙጫውን የሚመጠው ‹አድሚ› ይባላል። አየሩን የሚያስወጣው ‹ተንፋሽ›። ሥራ ሲያልቅ ሁለቱም ይጣላሉ!

ሥራው በፕላስቲክ ከረጢት ይሸፈንና አየሩ ተመጦ ይወጣል። ከረጢቱ ጥግ ላይ እንዳይወጠር እየታጠፈ ይቆማል። ቀጥ ብላ የምትቆመው እጥፋት ስሟ ‹የውሻ ጆሮ› ነው!

አየር ቀላል ይመስልዎታል? አየሩ ከተመጠጠ በኋላ የውጩ አየር ከረጢቱን በካሬ ሜትር 10 ቶን ያህል ይጫነዋል! ይህ ባሕር ጠረፍ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ከረጢት የሚያገኘው ወደ 8 ቶን ገደማ ብቻ ነው!

10 ቶን አልበቃ ሲል ‹አውቶክሌቭ› የሚባል የግፊት ምድጃ ይመጣል። የስሙ ፍቺ ‹ራሱን በራሱ የሚቆልፍ› ነው! አያቱ በ1679 ዴኒ ፓፔን አጥንት ሊያለሰልስበት የሠራው ድስት ነው። አውሮፕላን የሚበስለው በፕሬዠር ኩከር የልጅ ልጅ ውስጥ ነው!

ሙጫ ከማጠንከሪያው ጋር ከተቀላቀለ በኋላ የሚቆይበት ጊዜ ‹የማሰሮ ዕድሜ› ይባላል። ሠራተኛው ወሬ ካበዛ ማሰሮው ይሞታል! ሙጫው በገዛ ሙቀቱ ይግላል፤ ክምር ብሎ ከተተወ ሊጨስም ይችላል። ቀጭን አድርገው ሲያሰራጩት ግን ረጋ ይላል!

ፖሊስተር ሬዚን የሚያጠነክረውን ፈሳሽ ሁሉም ‹ካታሊስት› ይለዋል። አይደለም! ካታሊስት ሥራውን ጨርሶ ሳይነካ ይወጣል። ይህኛው ግን ሲሠራ ያልቃል፣ ራሱን ይሠዋል! ትክክለኛ ስሙ ‹ቀስቃሽ› ነው።

ያ ቀስቃሽና ኮባልት የያዘው አፋጣኝ ሁለቱም ሙጫው ውስጥ ይገባሉ። በቀጥታ ግን እንዳይገናኙ! ብቻቸውን ከተቀላቀሉ ሊፈነዱ ይችላሉ! ሙጫው መካከላቸው የገባ ሽማግሌ ነው!

ሙጫ ‹ኤ›፣ ‹ቢ›፣ ‹ሲ› የሚባል ክፍል ይማራል! ፈሳሽ ሲሆን ኤ፣ ግማሽ ሲበስል ቢ፣ ፈጽሞ ሲጠነክር ሲ። ፊደሎቹን የሰጠው የቤክላይት ፈጣሪ ሊዮ ቤክላንድ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም የፕሪፕረግ ሠራተኛ ‹ቢ ላይ ነው› ይላል!

ቅቤ ቢያቀልጡት ይረጋል፣ ደግመው ያቀልጡታል። እንቁላል ግን አንዴ ከተቀቀለ ተቀቀለ! ፕላስቲኮችም እንዲሁ ሁለት ወገን ናቸው። አብዛኛው የጀልባና የክንፍ ሙጫ የእንቁላሉ ወገን ነው። መልሶ መጠቀም ያስቸገረውም ለዚህ ነው!

ፖሊስተር ሬዚን አየር የነካው ፊቱ እንደ ተጣበቀ ይቀራል፤ ኦክስጅን አያስጨርሰውም! መድኃኒቱ ምንድን ነው? የሻማ ወገን የሆነው ፓራፊን! ጠብታ ያህል ይጨመራል፤ ሰሙ ተንሳፍፎ ፊቱን ይሸፍናል፣ አየሩን ይዘጋል!

የፋይበር ግላስ ወርክሾፕ አፍንጫ የሚቆርጠው ሽታ የ‹ስታይሪን› ነው። ስሙ የዛፍ ስም ነው! በ1839 በርሊን ውስጥ ኤድዋርድ ሲሞን የተባለ መድኃኒት ቀማሚ ‹ስቶራክስ› ከተባለ የዛፍ ሙጫ አወጣው። ስቶራክስ ደግሞ የሚጤስ ዕጣን ነበር!

‹ሬዚን› ራሱ ድሮ የፋብሪካ ቃል አልነበረም! ዛፍ ሲቆስል የሚያነባው ሙጫ ነው። የመተማ ዕጣን ዛፍ የሚያነባው ዕንባም ከዚሁ ዘር ነው። አውሮፕላኑ ስሙን የወረሰው ከዛፍ ቁስል ነው!

ፕላስቲክን ገፍቶ በቀዳዳ ማውጣት የታወቀ ነው። ክር ግን አይገፋም፣ ይጎተታል! ስለዚህ ሰዎቹ ‹መጎተት›ንና ‹ገፍቶ ማውጣት›ን አዳቅለው አዲስ ቃል ወለዱ፤ ‹ፑልትሩዥን›! የፋይበር ግላስ መሰላል ቋሚ እንዲህ ተጎትቶ የወጣ ነው።

ትርፍ ሙጫ የሚጠርገው ስለት ማን ይባላል? ‹ዶክተር›! ተቆርጦ ለፈተና የሚሰበረው ናሙናስ? ‹ኩፖን›! ዶክተር ሳያክመው፣ ኩፖኑ ሳይሰበር ክንፍ አይበርም!

የብልሽቶቹ ስም መካነ አራዊት ነው! ጄልኮት ሲኮማተር ‹የአዞ ቆዳ›። ክብ ክብ እየሠራ ሲሸሽ ‹የዓሣ ዓይን›። ሸካራ ሲሆን ‹የብርቱካን ልጣጭ›። ጀልባ ውኃ ጠጥቶ ውኃ ሲቋጥርማ ‹የጀልባ ፈንጣጣ›!

ሙጫ በቱቦ ሲገባ ጨርቁን በእኩል ማራስ አለበት። አንዳንዴ ግን ጠርዝ ጠርዙን ቀዳዳ አግኝቶ ይፈተለካል! ስሙ? ‹የእሽቅድምድም ሜዳ›! አሸናፊው ሙጫ ነው፤ መሐሉ ደርቆ ስለሚቀር ተሸናፊው ባለቤቱ!

ንቦችም ደመወዝ ሊጠይቁ ይገባል! በሁለት ስስ ቆዳዎች መካከል የማር እንጀራ የሚመስል ባለ ስድስት ማዕዘን ልብ ይገባል። ከምን ይሠራል? ብዙ ጊዜ ሙጫ ውስጥ ከተነከረ ወረቀት! አውሮፕላን ሲሳፈሩ የሚረግጡት ወለል ብዙውን ጊዜ ውስጡ ቀፎ ነው!

ሌላው ልብ የባልሳ እንጨት ነው። በጥፍርዎ ይጫሩታል፤ እንደዚያ ለስላሳ ነው! የእጽዋት ሳይንስ ግን ከ‹ጠንካራ እንጨቶች› መድቦታል! ስሙ በስፓኒሽ ‹ታንኳ› ማለት ነው። ዛሬ የነፋስ ተርባይን ክንፍ ሆድ ውስጥ ይኖራል!

የአዳማና የአሸጎዳ ነፋስ ተርባይኖች ሲሽከረከሩ አይተዋል? ክንፎቻቸው በፋይበር የተጠናከረ ፕላስቲክ ናቸው! በ2019 በፈረንሳይ የተሠራ አንድ ክንፍ 107 ሜትር ደረሰ። ከእግር ኳስ ሜዳ ይረዝማል!

የምሥራቅ ጀርመኗ ትራባንት መኪና አካል ከምን ተሠራ? ከጥጥ ውዳቂና ከሙጫ! በ1953 የወጣችው ኮርቬት ደግሞ የፋይበር ግላስ ነበረች፤ በዚያ ዓመት የተሠሩት 300 ብቻ!

በ1981 ማክላረን የካርቦን አካል ያላትን የፎርሙላ ዋን መኪና ይዞ መጣ። ብዙዎች ይህ ይሰባበራል አሉ! በዚያው ዓመት ሞንዛ ላይ የጆን ዋትሰን መኪና ተላትማ ሞተሯ ተገንጥሎ ሄደ። ዋትሰን በእግሩ ወጣ!

የብረት ንድፍ ሳይቀየር ብረቱን ብቻ በካርቦን የሚተካ መሐንዲስ ይሳቅበታል! ሥራው ‹ጥቁር አሉሚኒየም› ይባላል። ክር የሚጠነክረው በተዘረጋበት አቅጣጫ ነው፤ ይህን የረሳ ሰው ጥቁር ቀለም ገዛ እንጂ ካርቦን አልገዛም!

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 ከአፍሪካ የመጀመሪያውን ድሪምላይነር ተረከበ። ከአውሮፕላኑ ክብደት ግማሽ ያህሉ ከዚሁ የክርና የሙጫ ጋብቻ ነው! ገላው በሉህ አልተሰፋም፤ እንደ ክር በርሜል ላይ ተጠቀለለ!

የድሪምላይነር ገላ የአየር ግፊትን ስለሚችል በሰማይ ላይ ውስጡ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳሉ ያህል ይተነፍሳሉ፤ ባሕር ዳር ከተማ ላይ እንዳሉ! ቦሌ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ከቦሌ ሲነሡ አውሮፕላኑ ሽቅብ ይወጣል፣ ሳንባዎ ግን ቁልቁል ይወርዳል!

የአዲስ አበባ ኮብልስቶን ሊፈተል ይችላል ቢባሉ ያምናሉ? ኮብልስቶኑ ብዙ ጊዜ ባዛልት ነው። ባዛልት ወደ 1,400 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሞቅ ይቀልጣል፤ ከዚያ እንደ ብርጭቆ ክር ይሳባል! ድንጋይ ጨርቅ ይሆናል!

ይህ ሁሉ አዲስ መሰለዎት? ጭቃና ጭድ ረግጠው ግድግዳ የለጠፉት አያትዎ የዚሁ ሙያ ባለቤት ነበሩ! ጭቃው ማትሪክስ፣ ጭዱ ፋይበር! ጭዱ ባይኖር ግድግዳው ሲደርቅ ይሰነጠቅ ነበር።

ከሁሉ የሚያስፈራው ጉድለት ግን ስሙ ያምራል፤ ‹የመሳም ትስስር›! ሁለት ንብርብሮች ተነካክተዋል፣ አልተያያዙም! በአልትራሳውንድ ሲያዩት ጤነኛ መስሎ ሊያልፍ ይችላል። የይሁዳ መሳም የሚሉት ይህን ነው!

የተላቀቀ ንብርብር ሲጠረጠርስ? ቴክኒሻኑ እጁን ወደ ኪሱ ይሰድዳል። ሳንቲም! ክንፉን ኳ ኳ ያደርጋል። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደኅና ነው፤ ከታፈነ ታሟል! እናትዎ ገበያ ላይ እንስራውን በጣታቸው አንኳኩተው ‹ይኼስ ተሰንጥቋል› ያሉበት ዕውቀት ነው። ሚሊዮን ዶላሩ ክንፍም የሚፈራው ያችኑ ጆሮ ነው!